ሦስት ጊዜ ጥሎ መሄድ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሐምዱ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እርስዎም እትዬ ጠሂራም ይህን በጤና ተቀምጣችሁ እንድታነቡት አላህን ለምኜ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኔ ደህና ነኝ። ጀርባዬን ከማመሙና ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ ላይ ከመደናገሩ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ ብደውል ጆሮዎ እንደማይተባበርዎ አውቃለሁ። ባለፈው "ሃ? ሃ?" ሲሉ ግማሽ ሰዓት አልቆ እትዬ ጠሂራ ስልኩን ነጠቁዎት። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እጽፍና ፎቶ አንስቼ በእትዬ ቴሌግራም እልካለሁ፤ እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉልኝ።

ነገሩ ይህ ነው። አባያ የምንሰፋበት ሱቅ ሊዘጋ ነው። ባለቤቱ አርጅቷል፣ ልጆቹ ደግሞ ከቻይና የተሰፋ ማምጣት ይሻለናል ብለዋል። የመኖሪያ ፈቃዴ የካቲት ላይ ያልቃል። ሌላ አሠሪ ፈልጌ ላሳድሰው ብል እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። አሥራ ስድስት ዓመት በቃኝ፣ ደከመኝ አጎቴ። ኢንሻአላህ ከረመዳን በፊት ጠቅልዬ እገባለሁ።

ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ በሚወርደው መንገድ፣ የድሮው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሙህዲን ፎቅ አለ አይደል፣ ባለ እንጨት በረንዳው? የልጅ ልጃቸው ሙናዊር አድሶትና ከፋፍሎት "ስቱዲዮ" እያለ እንደሚያከራይ ማስታወቂያ አየሁ። ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለችው ክፍል ልቤን ወሰደችው። ለአንድ ሰው የተሠራች ክፍል ናት። ፎቶዋን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየሁት ብነግርዎ ይስቁብኛል።

ሄደው ይዩልኝ። ውሃ ይመጣ እንደሆን፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ። የምትሆን ከሆነ በስሜ ይያዙልኝ። "ቤታችን እያለ ለምን?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሱን አሁን ባይጠይቁኝ።

አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝምልኝ፣
የእህትዎ የምስራ ልጅ፣ ሂዳያ

*

መርካቶ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂዳያ፣

ወአለይኪ ሰላም። አላህ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ጀርባሽን ያጽናልሽ፣ የዚያን አገር ሙቀት ያቅልልሽ። እኔም ደህና ነኝ ብዬ እንዳልዋሽሽ ጠሂራ ከትከሻዬ ላይ ሆና ታነባለች። ግራ ጆሮዬ ጨርሶ ተዘግቷል። የጠሂራ ጉልበት ደረጃ አላወጣ ብሏታል። ሌላው አልሐምዱሊላህ ነው።

"ጠቅልዬ እገባለሁ" የሚለው ላይ ስንደርስ ጠሂራ እልል አለች፤ እኔ ባልሰማም አፏን አይቻለሁ። ከዚያ "ስቱዲዮ" የሚለው ላይ ደረስን። ወይ ስቱዲዮ! እኔ ስቱዲዮ ብዬ የማውቀው ለሠርግ ፎቶ የሚነሱበትን ነው።

ዕቃ አይቶ መመዘን እንኳ አይጠፋኝም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሸጫለሁ። እናም እንዳዘዝሽኝ ማክሰኞ ከዙህር በኋላ ሄድኩ። ፎቁ ያው የምታውቂው ፎቅ ነው፤ በረንዳውን አረንጓዴ ቀብተውታል። ሙናዊር ትሑት ልጅ ነው፣ ሰው ያከብራል። ክፍሏን ከፈተልኝ። ልጄ፣ አልጋው እዚህ፣ ምድጃው እዚህ፣ መታጠቢያው እዚያ፤ መሃል ቆመሽ እጅሽን ብትዘረጊ ሁሉንም ትነኪያለሽ። የመጸዳጃው በር መስታወት ነው። መስታወት! "ደብዛዛ ነው አባባ፣ ምንም አያሳይም" ይለኛል። ታዲያ ካላሳየ ለምን መስታወት አደረጉት?

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርሽ። ከግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ሳይለስኑ ትተውታል። ጭቃውና ጭዱ ፈጦ ይታያል፤ በላዩ መስታወት ገጥመው መብራት ያበሩበታል። "ይሄ ታሪክ ነው" አለኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ጭቃ በኖራ ሲሸፍን ኖረ፤ እነዚህ ደግሞ ገልጠው ያስከፍሉበታል።

ዋጋውን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ሙስዓብ ልጃችን አግብቶ ኮንዶሚኒየም ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። ክፍሉ ባዶ ነው። አትጠይቁኝ ስላልሽ አልጠየቅሁሽም። ባዶ መሆኑን ብቻ ነው የነገርኩሽ።

በይ የአላህ ጥበቃ አይለይሽ፣
አጎትሽ ሐምዱ

*

ሻርጃ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። አንደበትዎ አይድረቅብኝ። በመስታወት የተሸፈነውን ጭቃ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ አብረውኝ የሚያድሩት ሴቶች "ለየላት" አሉ።

አብረውኝ የሚያድሩት ስልዎ፣ ይህን ነግሬዎት አላውቅም መሰለኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ነን። እኔ የምከራየው አልጋ ነው፣ ተደራራቢውን፣ ከላይ ያለውን። ዙሪያውን ጋርጄዋለሁ። ስደውልላችሁ የኖርኩት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው። ልብስ የምቀይረው ተኝቼ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ሌሊት እንኳ ብቻዬን አላደርኩም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እጄን ዘርግቼ ሁሉን መንካቴ እንደማያስፈራኝ እንዲያውቁልኝ ነው።

ስለዚህ ይያዙልኝ። ልጁ ያለውን ዋጋ እችለዋለሁ። ቀብዱን በሙስዓብ በኩል ልኬያለሁ። እባክዎ ብዙ አይከራከሩት፤ ሌሎችም እየጠየቁ ነው ብሎ ጽፎልኛል።

ጠዋት ፀሐይ ይገባል ወይ? እሱን ብቻ ይመልሱልኝ።

እትዬ ጠሂራን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፣
ሂዳያ

*

መርካቶ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሂዳያ፣

ሰላምና ዓፊያ እንደ ዝናብ ይውረድብሽ። ዘገየሁብሽ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር ልልሽ ፈልጌ ነበር፣ ጠሂራ "ምን ጉንፋን?" ብላ ጻፈችብኝ። እሺ፣ ጉንፋን አልያዘኝም። ስለ አልጋው የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ብዕር ማንሳት አቃተኝ።

ፀሐይ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ይገባል።

ሁለተኛ ጊዜም ሄጃለሁ። አትቸኩይብኝ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። የመርካቶን ደንብ ረስተሽዋል መሰለኝ። ዕቃ የወደደ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ካንዴላ ሊገዛ የመጣ ሾፌር፣ መኪናው መንገድ ላይ ቆማበት፣ "ይሄ ካንዴላ ነው የጥርስ መፋቂያ?" ብሎ ጥሎት ይሄዳል። አንደኛ ጊዜ ዋጋ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ። ሁለተኛ ጊዜ እንከን አውጥተሽ ትሄጃለሽ። ሦስተኛ ጊዜ ሰድበሽው ትሄጃለሽ። አራተኛ ጊዜ ባለዕቃው ራሱ እጅሽን ይዞ ይመልስሽና ተሳስቃችሁ ትዋዋላላችሁ። ሰው የሚከባበረው እንዲህ ነው። የጠሩለትን ዝም ብሎ የሚከፍል ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሐዘንተኛ ነው።

እናም በሁለተኛው ቀን እንከን አወጣሁለት። ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ የደረጃው እንጨት ላላ ብሏል፣ መስኮቱ ሲዘጋ ያቃስታል አልኩት። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ጻፈውና "በጣም አመሰግናለሁ አባባ" አለኝ! አልተከራከረኝም፣ አልማለልኝም። በአርባ ዓመት ንግዴ እንዲህ ያለ ባለዕቃ ገጥሞኝ አያውቅም። ቢሆንም ልቡ ተነክቷል፤ ሦስተኛው ይቀረናል።

ጠሂራ የሙስዓብን ክፍል አስቀባችው። አዲስ ፍራሽም ገብቷል። እኔ ምንም አላልኩሽም።

ደግሞ ላስቸግርሽ፤ የጆሮ ማዳመጫዬ ባትሪ እዚህ ጠፍቷል። ባታገኚው ግን አትጨነቂ፣ ሳልሰማ መኖሩንም ለምጄዋለሁ።

አጎትሽ ሐምዱ

*

ሻርጃ፣ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

አጎቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ባትሪውን ገዝቻለሁ፣ ሁለት ማሸጊያ።

ማስታወቂያው ጠፍቷል። ሌሎቹ ክፍሎች አሉ፣ ያቺ የለችም። ለሙናዊር ልጽፍለት አስቤ፣ እርስዎን መዝለል ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ወስደዋት ይሆን? ይጻፉልኝ።

ሂዳያ

*

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴና ለእትዬ ጠሂራ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሕመም ካለ ንገሩኝ። ሕመም ከሌለ ደግሞ እሱንም ንገሩኝ።

የላክሁትን ማየታችሁን ስልኩ ያሳየኛል። ካያችሁት ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። ለሱቁ ባለቤት መልቀቂያ አስገብቻለሁ። ትኬቱንም ቆርጫለሁ። እዚህ አልጋዬን የምትረከብ ልጅ መጥታ ለክታዋለች። ወዴት እንደምገባ ብቻ አላውቅም።

ሂዳያ

*

መርካቶ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሂዳያ፣

ወአለይኪ ሰላም። ምርቃቱን አሳጥሬ ብገባ አትቀየሚኝ፤ ሰላምታ የሚያረዝመው ፊት ያለው ሰው ነው።

ክፍሏ ሄዳለች። ያመለጠችሽ በኔ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ሄጄ እንደ ደንቡ ሰደብኳት። ቧንቧው ተጠግኗል፣ መስኮቱ ዘይት ጠጥቷል፣ የምለው ጠፋኝ። "ይህን ክፍል እንኳን ለሰው፣ ለፍየልም አልከራየው!" አልኩና በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ እስኪጠራኝ። አልጠራኝም። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ዞሬ ባይ በረንዳው ላይ ማንም የለም። በአራተኛው ቀን ስመለስ አንድ ወጣት ከነሚስቱ ፍሪጅ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ ደረስኩ። ሙናዊር እጄን ጨብጦ "አባባ፣ አልወደዱትም ብዬ እኮ ነው፤ ለፍየል አልከራየውም ብለውኛል" አለኝ። ይህን ሁሉ ጆሮዬ ስር ጮኾ ነው የነገረኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ።

"አንተ ልጅ፣ እሱ እኮ ወድጄዋለሁ ማለት ነው!" አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። የሐጂ ሙህዲን የልጅ ልጅ፣ መርካቶ እምብርት ላይ ተወልዶ ይህን አያውቅም! አያቱ ቢሆኑ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ ኮቴን ይዘው ይመልሱኝ ነበር። ልጁ ያደገው ስልክ ላይ ነው።

ይህ አንደኛው ጥፋቴ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ካልጻፍኩት ሰላም አይሰጠኝም። ከዚያ ወጥቼ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ዞሬ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል በእግሬ ስሄድ፣ አዝኜ እንደሆን ልቤን ዳበስኩት። አላዘንኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። "እንግዲህ ወደኛ ትመጣለቻ" አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰድበው ለዋጋው ነበር ወይስ እንዲያመልጥሽ? ወላሂ አላውቅም።  ወር ሙሉ ዝም ያልኩሽ በዚህ ነው። ጠሂራን አትውቀሻት፤ "ጻፍላት" እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የከረመችው።

ቤቱ ጭር ብሏል። እኔ አልሰማም፣ እሷ አትራመድም። ምሳ ቀርቦ ሁለታችን እንተያያለን። ነይልን ሂዳያ። ክፍሉ ተዘጋጅቷል።

አጎትሽ ሐምዱ

*

ሻርጃ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
(በማሂራ እጅ፤ ለጋሽ ሐምዱ ብቻ)

ለአጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ያመጣችልዎ ማሂራ ከኔ በታች ያለው አልጋ ላይ አራት ዓመት የተኛች ልጅ ናት፣ ለእረፍት እየገባች ነው። በስልክ ያልላክሁት እትዬ ጠሂራ ቀድመውዎት እንዳያነቡት ብዬ ነው።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን ሁለት አባያ አበላሽቼ ከደመወዜ ተቆረጠብኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ያሉትን ሳነብ ግን ቁጣዬ ቆመ። እውነት ጻፉልኝ፤ እኔም እውነት ልጻፍልዎ።

እናቴ ሞታ የቀበሌ ቤቷ ተመላሽ ከሆነ በኋላ ስምንት ወር እናንተ ሳሎን ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቻለሁ። አላጎደላችሁብኝም። ክፉ ቃልም አልተናገራችሁኝም፣ አላህ ይመስክር። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ከአገር ቤት፣ ከገርባ ሦስት ሰዎች መጡባችሁ። እኔ እጅ ላስታጥብ ውሃ ይዤ ገባሁ። አንደኛው ሰውዬ እጁን እየታጠበ "ይህቺ ልጅ ማናት?" አለ። እርስዎም "እንግዳ ናት፣ ሰሞኑን ትሄዳለች" አሉ።

የእህትዎ ልጅ ነኝ አጎቴ። ሰዎቹ እናቴን ያውቋት ነበር። "የምስራ ልጅ ናት" ቢሏቸው ተነስተው ይስሙኝ ነበር። ሦስቱንም አስታጥቤ፣ ፎጣውን ሰጥቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ፓስፖርት ላወጣ ሄድኩ። ዐረብ አገር ያማራት ብር ናፍቋት ነው ብላችሁ ለሰው ስትናገሩ ሰምቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

አሥራ ስድስት ዓመት በየዒዱ የላክሁላችሁን እንግዳ ለባለቤት እንደሚያመጣው አድርጌ ነው የላክሁት። አሁን ደክሞኛል። በዐረቦቹም አገር፣ በእናንተም ቤት እንግዳ መሆን ደክሞኛል። የሙስዓብን ክፍል ብታስቀቡትም የሙስዓብ ክፍል ነው። ሲመጣ ተነሺ ባትሉኝም እኔው እነሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

የካቲት 5 ሐሙስ እገባለሁ። እስክደላደል ፔንሲዮን እይዛለሁ። አይቀየሙኝ።

ሂዳያ

*

መርካቶ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሂዳያ፣ ለእህቴ ለምስራ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኪ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ማሂራ "ለእሳቸው ብቻ ተብያለሁ" ብላ በእጄ ሰጠችኝ፣ ጠሂራም አኩርፋ ዋለች።

ሦስት ቀን አሰብኩት። አላስታውሰውም። ይህን ስጽፍልሽ አፍሬያለሁ፤ አንቺን ከቤት ያስወጣ ቃል እኔ ዘንድ የለም። ሰዎቹን ፈለግኋቸው፣ ምሽቱን ፈለግሁት፣ አንቺን ውሃ ይዘሽ ቆመሽ ፈለግሁሽ፤ ምንም የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

አላልኩም ግን አልልሽም። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ለጠሂራ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች፣ አጠራችው፣ መልሳ አደረገችው። ለኔ የሚነገር ነገር ሲኖር ትጽፍልኛለችና ብዕሬን ወስዳ በፖስታው ጀርባ ላይ "ብለሃል" ብላ ጻፈች። ከሥሩም "እኔም ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ" አለች። 

ቃሉን ባላስታውሰውም ለምን እንዳልኩት አውቃለሁ። የምስራ ቤት ተመላሽ ሲሆን ቢሮ ለቢሮ ዞሬ ልከራከርልሽ ይገባኝ ነበር። ሱቄን ማን ይጠብቅልኛል ብዬ ተውኩት። የምስራ ልጅ ናት ብል ሰዎቹ "ታዲያ ቤቷስ?" ይሉኛል፤ የምመልሰው አልነበረኝም። አንቺን እንግዳ ማድረግ ቀለለኝ። ምስራ ብትሰማኝ ምን ትለኝ ነበር? አውፍ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ዛሬ ካልሆነልሽም ሲሆንልሽ በይኝ፤ ሳልሞት ብቻ።

ትናንት ሙናዊር ጋ ሄድኩ። ምድር ቤት አንዲት ክፍል ቀርታለች። እንዳለ ልንገርሽ። ከላይኛዋ ታንሳለች። መስኮቷ ወደ መንገዱ ነው፤ ገና ሳይነጋ ተሸካሚው "ዞር በሉ!" ይላል፣ ጋሪው ይንጓጓል። ፀሐይ የሚገባት ከሰዓት በኋላ ነው። ጭቃ በመስታወት የላትም፣ ግድግዳዋ ሙሉ ልስን ነው። የመጸዳጃዋ በር እንጨት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ወጥ ቤትና ውሃ አላት፤ ቧንቧውን ከፍቼ ቆሜ አይቻለሁ።

ሙናዊር ዋጋውን ነገረኝ። እሺ አልኩት። አልገባኝ መስሎት ደግሞ ጮኾ ነገረኝ። እሺ አልኩት። "አባባ፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። የጠሩልኝን ሳልከራከር ስከፍል በሰባ አራት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው። የከፈልኩት ባንቺው ቀብድ ነው። ከኔ ልጨምርበት ብዬ ነበር፤ ጠሂራ "ተው፣ የራሷ ይሁንላት" አለችኝ።

ውሉን በኔ ስም ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። እምቢ አልኩ። ስምሽን እስከ አያትሽ አጽፌዋለሁ፣ የፊርማው ቦታ አንቺን ይጠብቃል። ቁልፉ ሁለት ነው፣ ሁለቱም ሙናዊር ጋ ነው። ጠሂራ "አንዱን ለክፉ ቀን እኛ ጋ እናስቀምጠው" ብላ ነበር፤ ከለከልኳት።

አትምጡ ካልሽ ቦሌ አንመጣም። ከፈለግሽ በረመዳን አንድ ቀን አብረን እናፈጥራለን። ካልፈለግሽም አንጠይቅሽም። አላህ በሰላም ያግባሽ።

ሐምዱ

*

ሻርጃ፣ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሐምዱና ለእትዬ ጠሂራ፣

አላህ በመካከላችሁ ሰላሙን ያኑር፣ እኔንም ከዚያው ያካፍለኝ። ይህን በስልክ የላክሁት ሁለታችሁም እንድታነቡት ነው።

"አላስታውሰውም" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ልቀደው ነበር። ከዚያ አለቀስኩ። አስታውሳለሁ ብለው ቢዋሹኝ ይቀልዎት ነበር፣ እኔም አምንዎት ነበር። አውፍ ብያለሁ ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ተመለሰ። ጀምሬያለሁ ልበልዎ። እትዬ ጠሂራ፣ እርስዎንም ጀምሬያለሁ። እጄ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ታገሱኝ።

ክፍሏን ወድጃታለሁ። ጋሪ ቢንጓጓ ምንም አይደል፤ ስምንት ሴት ስታንኮራፋ ተኝቻለሁ።

ሐሙስ ማንም ቦሌ እንዳይመጣ። ሻንጣዬ አንድ ነው። በታክሲ ቀጥታ ሄጄ፣ ፈርሜ፣ ቁልፎቼን ተቀብዬ፣ በሩን ቆልፌ እተኛለሁ። ዓርብን ሙሉ እተኛለሁ። ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ፣ ምሳ ይዞም እንዳይመጣ፤ እትዬ ጠሂራ፣ ለእርስዎ ነው።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ሁለታችሁም ኑልኝ። ምድር ቤት መሆኑ በጀ፤ ደረጃ ስለሌለው እትዬ ጉልበታቸው አያስቸግራቸውም። በሩን አንኳኩ። እኔ ከውስጥ "ማነው?" እላለሁ። እርስዎ ባይሰሙኝም እላለሁ።

ስከፍትላችሁ "ቤት ለእንቦሳ" በሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሰው አዲስ ቤት በገባ ቁጥር ሌሎች ሲመልሱት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለኔ ግን ያለኝ ሰው ስላልነበረ አንድ ቀንም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ሴቶቹ ሥራ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተለማመድኩት። እንቦሳ እሰሩ።

ሂዳያ